ሠላሳ ሰከንድ

«ይቺን መስመር ያውጧት» አለች ብሎን፣ ወረቀቱን በጣቷ ጠቅ ጠቅ እያደረገች።

«የትኛዋን?»

«እያወቁ! ይቺን፤ ‹ምንም እንኳ በአገልግሎት ዘመናቸው አንድ ጊዜ በተፈጠረ የሠላሳ ሰከንድ መዘግየት ቢጠየቁም› የምትለዋን።»

አጎቷ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ መስመሯን እንደ አዲስ አነበባት። የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ከባሕር ኃይል ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ቢሆንም ሰው ሁሉ አሁንም ኮማንደር እያለ ነው የሚጠራው። አባቷ ጠዋት ተቀብሮ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መኝታ ቤት በር ዘግተው በአንዲት መስመር ይጨቃጨቃሉ። ከሳሎኑ የለቅሶተኛው ሹክሹክታ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ሲሰበሰብ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ ጽፎ የሚያነበውም ኮማንደሩ ነው።

«እውነት እኮ ናት» አለ። «ደወሉን የደወልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ወደኋላ ብዬ ደወልኩ፤ ከታች ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ መልስ የለም። ቆጥሬዋለሁ። ወንድም ጋሼም በገዛ እጁ ጽፎ ፈርሞበታል። እሱ ያመነውን እኔ ምን ቤት ነኝና ልሰርዘው? ሰው ከነጉድለቱ ነው የሚቀበረው፣ ልጄ።»

«ተቀብሯል እኮ! አሁንማ ይተዉት!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ለቅሶ ቤት ነው።»

ብሎን ድምፅ መቀነስ አታውቅበትም። በዚህ ቤት ያደገ ሰው ከየት ተምሮ ያውቅበታል? አባቷ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በጦር መርከብ ሆድ ውስጥ፣ በሁለት ትላልቅ የናፍጣ ሞተሮች መሐል የኖረ ሰው ነው፤ ጆሮውን እዚያው ትቶት ነው የወጣው። ስሟን ያወጣላትም እሱ ነው። የመዝገብ ስሟ ሌላ ነው፤ ገና አራስ ሳለች ግን መዳፉ ላይ አስቀምጦ መዘናትና «ትንሽ ናት፤ ግን እሷ ከላላች ቤቱ ይፈርሳል» አለ አሉ። ብሎን ሆና ቀረች።

እሱም ቅጽል ስም ነበረው፤ የሱ ግን በፍቅር የወጣ አልነበረም። ሠላሳ ሰከንድ። መርከቧ ወደብ ስትገባ «ወደኋላ» የሚል ትዕዛዝ ከላይ ወርዶለት፣ ሞተሩን ሠላሳ ሰከንድ አዘግይቶ፣ አፍንጫዋን ከወደቡ ግንብ ጋር ያላተመ ሰው ማለት ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልቆሰለም፤ ከግንቡ ጥቂት ድንጋይ ተላጠ፣ ከመርከቧ ቀለም ተፋቀ። ግን ዋና መሐንዲስ ሊሆን ሁለት ወር ብቻ የቀረው ሰው ማዕረጉ ተገፎ፣ ጡረታ እስኪወጣ የሰው ምክትል ሆኖ ቀረ። ሰው ‹ተኝቶ ነበር› አለ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ወደብ ከተማ አውቶቡስ በዘገየ ቁጥር «ሠላሳ ሰከንድ ነው እንዴ የሚነዳው?» ይባላል። ብሎን ትምህርት ቤት አርፍዳ የገባች ቀን መምህሩ «በዘር ነው» ብሎ ክፍሉን አስቆባታል። ዛሬ ራሷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ያቺን ሳቅ ግን አልረሳቻትም። አሁን ደግሞ ያቺው ሠላሳ ሰከንድ በአባቷ ለቅሶ ላይ፣ በማይክሮፎን፣ ልትነበብ ነው።

«አጎቴ፣ በሞቴ» አለችው።

«አንቺማ አትሙቺ። አስብበታለሁ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ኮማንደሩ አስብበታለሁ ካለ አላስብበትም ማለቱ እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

በማግስቱ ቤቱ ጢም አለ። የኮማንደሩ የድሮ ባልደረቦች ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ሶፋውን ሞሉት። ብሎን ሻይ እያዞረች እነሱን ስታይ አባቷ ትዝ አላት። መርከብ ላይ ሁለት ዓይነት ሕዝብ አለ ይል ነበር፤ የላይና የታች። የላዩ ነጭ ይለብሳል፣ ባሕሩን እያየ ያዛል። የታቹ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ ግራሶ ተለቅልቆ፣ እንደ ምድጃ በጋለ ክፍል ውስጥ አራት አራት ሰዓት እየተፈራረቀ መርከቧን ይገፋል። «እነሱ ባሕሩን ያዩታል፤ እኛ እንሰማዋለን» ይላል።

ላይና ታች የሚነጋገሩት በደወል ነው። ደወሉ የግድግዳ ሰዓት የሚመስል ክብ የነሐስ ነገር ነው፤ ላይ ያለው መኮንን እጀታውን ሲገፋው ወይም ሲስበው ታች ይጮኽና መርፌው «ወደፊት»፣ «ቁም» ወይም «ወደኋላ» ላይ ይቆማል። ታች ያለው ሰው የታዘዘውን ይፈጽማል። ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ወዴት እንደሚሄድም አያይም። እያንዳንዷ ደወል ከነሰዓቷ መዝገብ ላይ ትጻፋለች።

ታች ሰላምታ እንኳ በእጅ ነው። ፈረቃ የሚረከብ ሰው «እንደምን ዋላችሁ» ቢል ማን ይሰማዋል? መዳፉን በየሞተሩና በየፖምፓው ላይ እያሳረፈ ይዞራል፤ ትኩሳት የያዘውን፣ እንቅጥቅጥ የጀመረውን በእጁ ይለያል። አባቷ ጡረታ ወጥቶም አልተወውም። በየጠዋቱ በመዳፉ መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ቀጥሎ የውሃ ፖምፓውን፣ ቀጥሎ የእናቷን ግንባር፣ በመጨረሻ የብሎንን። በር ቢደበደብ የማይሰማ ሰው፣ ፍሪጁ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ያውቃል። «ይቺ ሴትዮ ታማለች፤ ዝም ብላችሁ ወተት አታሸክሟት» ይላል።

«ሹክሹክታማ ከነአካቴው አያውቅም» እያለች ነበር እናቷ፣ አጠገቧ ለተቀመጡት ሴቶች። «አውቶቡስ ውስጥ ነው የጠየቀኝ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ በምስጢር መሆኑ ነው እኮ፣ ‹ታገቢኛለሽ ወይ?› አለኝ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ!»

«ውይ! አንቺስ ምን አልሽው?»

«እኔ ምን እላለሁ? አውቶቡሱ በሙሉ ‹እሺ በዪው!› አለ። ከአርባ ሰው ጋር ልጣላ?»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እናቷም ስቃ ስቃ፣ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት፤ ብሎን ሄዳ ትከሻዋን ያዘችው።

በዚህ መሐል ነው ሦስቱ የገቡት። ከሩቅ ከተማ አውቶቡስ ተሳፍረው የመጡ፣ አባቷ ታች ያዛቸው የነበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ፊተኛው ዘይቴ ነው፤ ሞተሮቹን ዘይት ሲያጠጣ የኖረ፣ ሰፊ ሆድና ሰፊ ፈገግታ ያለው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፊውዝ፤ ቀጭን ነው፣ በትንሽ ነገር ይቃጠላል። ሦስተኛው ቁልፌ፤ የጠበቀውን ሁሉ የሚፈታ የነበረ፣ አሁን ጆሮው ጨርሶ ተዘግቶ በእጁ ብቻ የሚነጋገር። ብሎን መዳፏን ደረቷ ላይ አሳርፋ ተቀበለቻቸው፤ ታች «ሁሉ ሰላም» ማለት ነው። የታችን የእጅ ቋንቋ አባቷ ያስተማራት ከፊደል በፊት ነው። ሦስቱም እንባቸው መጣ።

ሶፋው ላይ ቦታ ቢለቀቅላቸው እንቢ አሉ። «እዚያ እንቆሽሻለን» አለ ዘይቴ፤ ንጹሕ ኮት ለብሶ ሳለ። ከማድ ቤቱ በር ጎን፣ የውሃ ፖምፓው ከሚያጉረመርምበት ግድግዳ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሻይ ተሰጣቸው። ሳሎኑ ሰው የሞተበት ቤት ጸጥታውን ያዘ።

ያኔ ዘይቴ ወደ ፊውዝ ጎንበስ አለ። አፉን በመዳፉ ከለለ። ሹክ አለው። በሱ ቤት ሹክታ መሆኑ ነው እንግዲህ፤ ሠላሳ ዓመት ሞተር ላይ ጮኾ ላወራ ሰው ሹክታ ማለት ይኸው ነው።

«ኮማንደሩን አየኸው?»

ሶፋው ላይ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ።

«አየሁት» አለ ፊውዝ፣ እሱም በሹክሹክታ፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። «ሳያውቃት አረጀ።»

«አለቃም ሆዱ ውስጥ እንደያዛት ተቀበረ በቃ?»

«ሆድ ይፍጀው ብለን ምለን የለም እንዴ? ታች የሰማነው ታች ይቀራል!»

«እሱማ ይቀራል። ግን ኮማንደሩ ደወሉን ወደፊት ደውሎ…»

ብሎን ትሪ ይዛ መሐል ወለል ላይ ነበረች። አጎቷን አየችው፤ የሻይ ብርጭቆው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆሟል። እነዚህን ሰዎች ማስቆም ቀላል ነው። መዳፍ ወደ ላይ፤ «ቁም»። የትም፣ መቼም፣ በሞተር ጩኸት መሐል እንኳ ቢሆን፣ ያቺን እጅ ያየ የታች ሰው ወዲያው ይቆማል። እጇ ከትሪው ላይ ተነሣ። ደረቷ ድረስ ደረሰ። ከዚያ መልሳ ትሪውን ያዘችበት።

«ወደፊት ብቻ? ሙሉ ወደፊት!» አለ ፊውዝ ተቃጥሎ። «ከደወሉ ሥር ቆሜ እያየሁት! መርፌው ሙሉ ወደፊት ላይ ሄዶ ቁጭ! ግንቡ ደርሰናል፣ ግንቡ ላይ ቤተሰብ ሞልቷል፣ እሱ ሙሉ ወደፊት!»

«አለቃ ባይኖር መርከቧ ከተማ ትገባ ነበር።»

«አለቃማ ገና ደወሉ ሲጮኽ ‹ይሄ ልጅ ተሳስቷል› አለ። አንድም ሞተር አላስነካንም። በመነጋገሪያው ቧንቧ ተጣራ፣ ተጣራ፣ ከላይ ማን ይመልስለት! ካቻቪቴውን የመርከቧ ግድግዳ ላይ ተክሎ፣ እጀታው ላይ ጆሮውን አስደግፎ አዳመጠ። የውሃው ድምፅ ከግንቡ እየተመለሰ ነው። ያኔ በአውራ ጣቱ ወደኋላ አለን!»

«ከዚያ መዝገቡን ቀማኝ» አለ ዘይቴ፤ አሁንም መዳፉ አፉ ላይ ነው። «‹ወደኋላ ተደወለ፤ ታች ሠላሳ ሰከንድ ዘገየ› ብሎ ጻፈ። አለቃ ምን ነካህ? ብለው፣ ‹የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ከላይ የወደቀ አይነሣም። እኔ ታች ነኝ፤ ከታች ወዴት ይወደቃል?› አለኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኮማንደሩ ጆሮ ይህችን ወሬ ለመስማት ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀበት።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። አግዳሚው ፊት ሄዶ ቆመ። ዘይቴ ቀና ሲል አየውና እጁን ከአፉ ላይ አወረደ።

«ሰማህ እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«አገር ሰማ!» አለች ከጥግ አንዲት ጎረቤት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ፊውዝ የጓደኛውን ጎን በክርኑ ደቃው፣ ዘይቴ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ ከዚያ ሁለቱም ባንድ አፍ መካድ ጀመሩ። «ኧረ ሌላ መርከብ ነው!» «ሌላ ኮማንደር!» «እንዲያውም እኛ ያን ቀን አልነበርንም!»

ኮማንደሩ ወደ ብሎን ዞረ። «ቁልፌን ጠይቂልኝ» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ያን ቀን ደወሉ ምን ነበር በዪልኝ።»

ቁልፌ የሆነውን ሁሉ አልሰማም፤ ሻዩን እየጠጣ የፖምፓውን ግድግዳ በጀርባው ያዳምጥ ነበር። ብሎን ፊቱ ተንበርክካ በእጇ ጠየቀችው። ሽማግሌው ምን መደበቅ እንዳለበት የነገረው የለም። ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ በነጻ እጁ አውራ ጣቱን ወደፊት ወጋ። ሁለት ጊዜ። ሙሉ ወደፊት።

ኮማንደሩ ያቺን አውራ ጣት ብዙ አያት። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበት ወጥቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ማድ ቤት ብርጭቆ ያጥባሉ።

«ልታስቆሚያቸው ትችይ ነበር» አለች እናቷ። «እጅሽ ሲነሣ አይቻለሁ።»

«እችል ነበር።»

«አባትሽ ሃያ ስምንት ዓመት የዘጋውን በር ከፈትሽው።»

«አልከፈትኩትም፣ እማዬ።»

«አልዘጋሽውምም።»

ብሎን ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው። አባቷ ተኝቶ አልነበረም! አባቷ አልዘገየም! ወጥታ መንገድ ላይ ብትጮኽ ደስ ባላት። ግን ደግሞ ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለወንድሙ የሰጠውን ስጦታ፣ እሱ ገና አፈር ሳይደርቅበት፣ እሷ ቀምታ የመለሰችበት መሰላት። አጎቷስ? ስልኩን ዘግቷል። ነገ ባይመጣ ማን ያነባል? ቢመጣና ያቺን መስመር እንዳለች ቢያነባትስ? ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሃያ ሰዎች ናቸው፤ ነገ የሚመጣው ሦስት መቶ ነው። ወሬ ወሬ ሆኖ ይቀራል፣ የተነበበው ግን ይጸናል።

«እኔ አንብቤ እነግራቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«አይሆንም። ያቺ ደወል ያንቺ አይደለችም፤ የደወላት ይንገራት» አለች እናቷ። ቀጥላ እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች ቆማ ቀረች። «እኔን ግን አላመነኝም። ስንቴ ጠየቅኩት! ‹እውነት ተኝተህ ነበር ወይ?› እለዋለሁ። ‹ታች የሰማነው ታች ይቀራል› ይለኛል። ሚስቱን!»

«እማዬ፣ እንዴት ብሎ ይንገርሽ? ሹክ ቢልሽ ሰፈሩ ይሰማዋላ!»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። ከዚያ ሁለቱም የማጠቢያውን ጠርዝ ይዘው፣ ሆዳቸውን እስኪያማቸው፣ እያለቀሱ ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግቢው ሞልቶ ሰው አጥሩን ተደግፎ ቆመ። የወደብ ሠራተኛው፣ የሰፈሩ ሰው፣ የብሎን የሥራ ባልደረቦች፣ የላይ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው። የትናንቱ ወሬ ግማሹ ዘንድ ደርሷል፣ ግማሹ ዘንድ ተጣሞ ደርሷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ አግዳሚ ላይ ናቸው፤ ዘይቴ ካሁን በኋላ አፌን ከፍቼ ብገኝ ብሎ መሐረቡን ነክሶ ተቀምጧል። አራት ሰዓት ከአሥር ሆነ። ከሩብ ሆነ። ብሎን ከበሩ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ኮማንደሩ መጣ። ነጩን ዩኒፎርም ለብሷል፣ ሜዳሊያዎቹን በሙሉ ደርድሯል። ማንንም ሳያይ በቀጥታ ማይክሮፎኑ ጋ ሄዶ ወረቀቱን ዘረጋ። ያችው ወረቀት ናት፤ ብሎን ከነእጥፋቷ ለየቻት።

ማንበብ ጀመረ። የተወለዱበትን ዘመን፣ የተማሩበትን፣ ወደ ባሕር ኃይል የገቡበትን፤ በዚያ በተለመደ የመዝገብ ድምፁ፣ አንቱ እያለ። «…በሞተር ክፍል ውስጥ በትጋት አገልግለዋል። ምንም እንኳ በአገልግሎት ዘመናቸው አንድ ጊዜ በተፈጠረ የሠላሳ ሰከንድ መዘግየት ቢጠየቁም…»

አነበባት! ብሎን የእናቷን ክንድ ያዘች።

ኮማንደሩ ግን እዚያች ላይ ቆመ። ወረቀቱን አጠፈ። እንደገና አጠፈ። ቀና ሲል ከአንቱታው ወርዶ እሱ እያለ ነበር፤ ታናሽ ስለ ታላቁ እንደሚያወራው።

«ያቺን ሠላሳ ሰከንድ ልንገራችሁ» አለ። «ወንድም ጋሼ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ምን እንደሠራ ልንገራችሁ።»

ብሎን ያኔ ነው ሦስቱ ትዝ ያሏት። ከዚያ ርቀት አንዲት ቃል አይሰሙም! ሰው እየገፋች ወደ ኋላ ሮጣ ፊታቸው ቆመች፤ እጆቿንም አነሣች።

«ካፒቴኑ ከውጭ ‹ወደኋላ!› ብሎ ጮኸ። እኔ የኋላውን ገመድ ለማየት ዞሬ፣ ፊቴን ወደ መርከቧ ጭራ አድርጌ ነበር የቆምኩት። ወደኋላ መስሎኝ እጀታውን እንደ ልማዴ ወደ ራሴ ሳብኩት፤ ዞሬ ስለቆምኩ ግን ወደፊት ሄደ። ዓይኔ ገመዱ ላይ ስለነበረ እጄ የሠራውን አላየሁም። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተነሥቼ እየቆምኩ፣ እየዞርኩ ሞከርኩት፤ እጄ በሄደ ቁጥር ወደፊት ነው የሚሄደው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!»

ብሎን አውራ ጣቷን ወደፊት ወጋች፤ ከዚያ ወደ አጎቷ ጠቆመች፤ ከዚያ ደረቷን መታች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዘይቴ መሐረቡን ከአፉ አወጣ።

«ሙሉ ወደፊት አዘዝኩት። የታች ሰው የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ሕጉ ይሄ ነው። ወንድም ጋሼ ግን ትዕዛዜን እንቢ አለ፤ ይሄ አንድ። ተጣርቶ ጠየቀኝ፤ አልመለስኩለትም፤ ይሄ ሁለት። ዓይን በሌለበት ክፍል ውስጥ ጆሮውን ብረት ላይ ለጥፎ ግንቡን ሰማው፤ ይሄ ሦስት። መርከቧን ወደኋላ መለሳት። ይሄን ሁሉ በሠላሳ ሰከንድ! እናንተ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ጫማችሁን ታስራላችሁ?»

«ኧረ አናስርም!» አለ አንድ ሰው ከአጥሩ ሥር።

«መርከቧ ላይ መቶ አሥራ ሁለት ነበርን። ግንቡ ላይ ደግሞ…»

«ግንቡ ላይ እኔ ነበርኩ!» አለች እናቷ በሙሉ ድምፅዋ፤ የሚስትየዋ ድምፅ ከባልየው ድምፅ ምንም አያንስም። «እኔ ነበርኩ! ብሎንን አዝዬ፣ አባትሽ መጣልሽ እያልኳት!»

ብሎን እጇ አየር ላይ ቀረ። ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም። ሦስት ዓመቷ ነበር። ቁልፌ በዓይኑ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላታል። ለልጅ ምልክቱ ሁለት ክንድ አጥፎ ማወዛወዝ ነው፤ አወዛወዘች። ከዚያ ራሷን ጠቆመች። ሽማግሌው ሁለቱንም እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ሃያ ስምንት ዓመት የኔን ስም እሱ ተሸከመው» አለ ኮማንደሩ። ድምፁ ተሰበረ፤ ቢሆንም አልተወውም፣ እየጮኸ ቀጠለ። «ነገ መዝገቡን ለማሳረም ማመልከቻዬን አስገባለሁ። ዛሬ ግን በሰው ፊት እላለሁ፤ ዋና መሐንዲስ ነበር! ወንድሜ ዋና መሐንዲስ ነበር!»

ብሎን ይህን ለማለት ምልክት አላገኘችም። እጇን ከራሷ በላይ የቻለችውን ያህል አንሥታ ከፍ አደረገችው፤ በቃ፣ ከሁሉ በላይ።

ገባቸው። ፊውዝ መጀመሪያ ተነሣ። ታች ጭብጨባ የለም፤ ማን ይሰማዋል? ታች ሰው የሚወደሰው በእግር ነው፤ ብረቱን ወለል በጫማ እየደበደቡ፣ ንዝረቱ ከእግር ወደ እግር እየሄደ። ፊውዝ የግቢውን ሲሚንቶ ረገጠው። ዘይቴ ቀጠለ፣ ቁልፌ ቀጠለ። ሦስት ሽማግሌ፣ ስድስት ጫማ፤ ድም! ድም! ድም! ለቅሶተኛው መጀመሪያ አበዱ እንዴ ብሎ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ያ አጥሩ ሥር የነበረው የወደብ ሠራተኛ እግሩን አነሣ። ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች። ከዚያ፣ ወይ ጉድ፣ የላይ ሰዎች በተወለወለ ጫማቸው! ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ፣ አንዱ ከመሐል «ሠላሳ ሰከንድ!» ብሎ ጮኸ፤ ሦስት መቶ ሰው ተቀበለው። «ሠላሳ ሰከንድ! ሠላሳ ሰከንድ!» እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት እንዲህ ነው። ብሎን ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችውን ስም፣ ጉሮሯ እስኪዘጋ ድረስ፣ ከሁሉም በላይ ጮኻ ጠራችው።

ኮማንደሩ በሰው መሐል አልፎ መጥቶ ከአግዳሚው ጫፍ ቁጭ አለ። ዘይቴ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። «ዩኒፎርምህ ይቆሽሻል» አለው፣ በሹክሹክታ።

«ይቆሽሽ!» ብሎ ጮኸበት ኮማንደሩ።

አመሻሹ ላይ ሰው ተበተነ። ኮማንደሩ ሦስቱን አውቶቡስ ተራ ሊያደርሳቸው ይዟቸው ወጣ፤ የመኪናው በር ሳይዘጋ ገና ክርክራቸው መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። እናቷ ነገ ወደ መቃብሩ አበባ ይዘው ሲሄዱ ዝናብ ይኖር እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው።

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። የአየር ሁኔታ የሚያነበው ሰውዬ ጆሯቸው ሥር ሆኖ የሚጮኽባቸው መሰለ፤ ድምፁ አባቷ ትቶት በሄደበት በመጨረሻው ከፍታ ላይ ነበር። ብሎን ደንግጣ ሪሞቱን አነሣችና ልትቀንሰው ጣቷን አስጠጋች።

እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው» አለች።

ብሎን ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰውዬው ስለ ነገ ደመና እየጮኸ እስኪጨርስ ድረስ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አዳመጡት።